የተማሪዎች የአካል ብቃት መለኪያ ከጤና ይነሣ
ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
ለጤና ሚኒስቴር
ለባህልና ስፖርት ሚኒስቴር
ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮዎች

ጉዳዩ፦ ለወጣቶች የአካል ብቃት ምዘና ጤናን መሠረት ያደረገ መለኪያ ስለማውጣት

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

አንድ የ14 ዓመት ልጅ በፊሽካ እየተቆጠረለት 12 ፑሽ አፕ ሠርቶ ደከመው እንበል። ይህ ቁጥር ደህና ነው ወይስ ያሳስባል? በብዙ ትምህርት ቤት ሜዳ መልሱ የሚፈለገው ከስም ዝርዝሩ ነው። 60 ተማሪ ካለበት ክፍል ስንተኛ እንደሆነ ይታይና ከ10 ወይም ከ20 ማርክ ይሞላለታል። ጠንካሮች የበዙበት ክፍል ከደረሰው ይወድቃል፤ በሌላኛው ፈረቃ ደካሞች መሐል ቢገባ ኖሮ ያልፍ ነበር። ስለ ልቡ፣ ስለ ደም ግፊቱ፣ ስለ አጥንቱ ግን የነገረው የለም።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትና በስፖርት ጤና ሙያ የተሰማራን ሰዎች ነን። የምንጠይቀው ይህ ነው፦ በማንኛውም የምዘና ሰንጠረዥ ላይ «በቂ» ተብሎ የሚጻፍ ቁጥር ከየትኛው የጤና ጉዳት ጋር ተነጻጽሮ እንደወጣ ይታወቅ። ማስረጃ የሌለው ቁጥር ካለም ጊዜያዊ መሆኑ እዚያው ይጻፍበት።

በደረጃ መመዘን ምን እንደሚያስከትል አሜሪካኖች አሳይተውናል። የአሜሪካ ልጆች ከአውሮፓ እኩዮቻቸው ደከሙ የሚል ስጋት ተነሥቶ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1956 (ከዚህ በኋላም «ዓ.ም.» ካልተባለ ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣቶች አካል ብቃት ምክር ቤት አቋቋሙ። በ1966 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ዘመን የመጣው የፕሬዚዳንቱ ሽልማት ደግሞ ለአንድ ልጅ የሚሰጠው በፈተናው ዓይነቶች ሁሉ ከ100 እኩዮቹ 85ቱ ከደረሱበት በላይ ሲገኝ ነበር። እንዲህ ያለ መስመር ገና ሲሰመር አብዛኛውን ልጅ ከውጭ ያስቀራል። ከዚያ የባሰ ጉድለትም አለው፤ ትውልዱ በሙሉ ቢደክም መስመሩም አብሮ ይወርዳል፣ የሚያልፈውም ሰው ቁጥር ያው ይሆናል። ሕመሙ ሲጨምር መለኪያው ዝም ይላል ማለት ነው። ፈተናው እስከ 2012/13 የትምህርት ዘመን ከቆየ በኋላ ጤናን መነሻ ባደረገ ምዘና ተተካ። በጁላይ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ አሮጌው ፈተና እንዲመለስ ትእዛዝ ስለፈረሙ ክርክሩ እዚያም አልተዘጋም።

የተተካበት ምዘና ፊትነስግራም ይባላል። ዳላስ የሚገኘው ኩፐር ኢንስቲትዩት በ1982 ጀመረው፤ በ1987 ደግሞ ልጅን ከልጅ ማወዳደሩን ትቶ ለእያንዳንዱ ዕድሜና ጾታ «ጤናማ የብቃት ክልል» አበጀለት። ለመነሻ የሆነው ሐሳብ ከአዋቂዎች የተገኘ ነው። ይኸው ተቋም 13,344 አዋቂዎችን ተከታትሎ በ1989 ባሳተመው ጥናት ብዙ ሞት የታየው በብቃት ዝቅተኛ በሆነው አንድ አምስተኛ ላይ ነበር፤ ትልቁ የሞት መቀነስ የታየውም ከዚያ ክፍል አንድ ደረጃ ከፍ ባሉት ላይ ነው። ለጤና የሚያስፈልገው ብቃት ሻምፒዮን የሚያደርገው ብቃት አይደለም፤ አብዛኛው ልጅ በመደበኛ እንቅስቃሴ ሊደርስበት የሚችል ነው።

መስመሩ እንዴት እንደሚወጣ ጠጋ ብለን እናሳይ፤ ሥራው ያለው እዚህ ላይ ነውና። ከብዙ ልጆች በአንድ ሰሞን ሁለት ነገር ይለካል። አንደኛው ብቃታቸው ነው፤ ይህም በቪኦ ቱ ማክስ፣ ማለትም ሰውነት በአንድ ደቂቃ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት የሚጠቀምበት ኦክስጅን በሚሊ ሊትር ይገለጻል። ሁለተኛው ጤናቸው ነው፦ የወገብ ዙሪያ፣ የደም ግፊት፣ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብና ኤችዲኤል የሚባለው ደገኛው ኮሌስትሮል። ከአምስቱ ሦስቱ ከልክ የወጡበት ልጅ አደጋ ላይ ነው ተብሎ ይመደባል። ከዚያም በብቃት ቁጥሮቹ ላይ መስመሩን ከፍና ዝቅ እያደረጉ በየቦታው ሁለት ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ አደጋ ላይ ካሉት ስንቱን ያዝን? ደህና ከሆኑት ስንቱን በስሕተት ያዝን? ሁለቱ ስሕተቶች ተመዝነው የተሻለ ሆኖ በተገኘው ቦታ መስመሩ ይሰመራል። ፊትነስግራም የሩጫውን መስመር በ2011 በዚህ ዘዴ አሻሽሎታል። ለወንዶች በ10 ዓመት 40.2፣ በ13 ዓመት 41.1፣ በ14 ዓመት 42.5፣ በ15 ዓመት 43.6 ነው፤ ለሴቶች በ10 ዓመት 40.2 ጀምሮ በ17 ዓመት ወደ 38.8 ይወርዳል። የልጃገረዶቹ መውረድ አድልዎ አይደለም፤ በጉርምስና የሰውነት ይዞታ ሲለወጥ የሚመጣ ነው።

መስመሩ ምን ያህል ሊያምኑት እንደሚገባ ደግሞ በቀላል ሒሳብ ይታያል። ለምሳሌ 1,000 ተማሪ አለ፤ 50ዎቹ በእርግጥ አደጋ ላይ ናቸው እንበል። መለኪያው አደጋ ላይ ካሉት ከመቶ 70ውን የሚይዝ፣ ደህና ከሆኑትም ከመቶ 70ውን «ደህና» የሚል ይሁን። ከ50ው 35ቱን ይይዛል፣ 15ቱ ያመልጡታል። ከቀሩት 950 ደህና ልጆች ግን 285ቱን «ማሻሻል ያስፈልገዋል» ይላቸዋል። 320 ልጆች ከመስመር በታች ተብለው ሲጠሩ በእርግጥ ችግር ያለባቸው 35 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከመስመር በታች መሆን የበሽታ ማረጋገጫ ሆኖ ለወላጅ ሊነገር ከቶ አይገባም። «ልጅዎ በሳምንት ውስጥ እንቅስቃሴ ይጨምር፣ ከሁለት ወር በኋላ እንደገና እንለካዋለን» የሚል ቃል ይበቃዋል። ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ያለበት በጣም ዝቅ ያለው ነው፤ አንድ መስመር ሳይሆን ሁለት መስመርና ሦስት ክልል የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ምን ይለካ ለሚለው፣ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2012 ባወጣው ዘገባ ከጤና ጋር ያላቸውን ትስስር መርምሮ ለአገር አቀፍ ጥናት የመረጣቸው ጥቂት ናቸው፦ ለልብና ለሳንባ የምልልስ ሩጫ፣ ለጡንቻ የእጅ መጨበጥ ኃይልና ቆሞ ወደ ፊት መዝለል፣ ለሰውነት ይዞታ ቁመትና ክብደት፣ የወገብ ዙሪያና የቆዳ ሥር ስብ። ተቀምጦ ጣትን መንካት የሚባለው የመተጣጠፍ ፈተና ከጤና ጋር ያለው ትስስር በቂ ማስረጃ ስላልተገኘለት አልተመረጠም። እኛም በክፍል ለመማሪያነት ይቆይ፣ ለመለኪያነት ግን አይግባ እንላለን። ቆሞ መዝለል ከሜትርና ከኖራ ሌላ አይጠይቅም። የእጅ መጨበጫ መለኪያው ውድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከመግዛት በጉድኝት ማዕከል አንድ ይቀመጥና በተራ ይዞር።

ወደ 12ቱ ፑሽ አፕ እንመለስ። የፊትነስግራም መስመር ለ13 ዓመት ወንድ 12፣ ለ14 ዓመት 14፣ ለሴቶች ከ10 ዓመት ጀምሮ 7 ነው። ልጁ በዚያ ሰንጠረዥ በሁለት አንሷል። ሆኖም እነዚህ ቁጥሮች እንደ ሩጫው ከደም ምርመራ ጋር ተፋጭተው የወጡ አይደሉም፤ የባለሙያ ግምት ይበዛባቸዋል። አሠራሩም ቁጥሩን ይለውጠዋል። በትክክል ሲሠራ ክርኑ 90 ዲግሪ እስኪታጠፍ ይወርዳል፣ ፍጥነቱም በየ3 ሰከንዱ አንድ፣ በደቂቃ 20 ነው። «በአንድ ደቂቃ የቻልከውን ያህል» ከተባለ ልጁ ግማሽ እየወረደ 30 ሊያደርስ ይችላል፤ ያ ቁጥር ከየትኛውም ሰንጠረዥ ጋር አይነጻጸርም።

የምልልስ ሩጫው ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ለአገራችን ትምህርት ቤት የሚስማማው እሱ ነው ብለን ስለምናምን። የካናዳው ሉክ ሌዠ በ1980ዎቹ ያወጣው ነው። ተማሪው በ20 ሜትር ርቀት በተሰመሩ ሁለት መስመሮች መካከል በድምፅ ምልክት ይመላለሳል። ፍጥነቱ በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምርና በየደቂቃው በ0.5 ይጨምራል። ለሁለተኛ ጊዜ ምልክቱ ቀድሞት መስመሩ ላይ ያልደረሰ ልጅ ያቆማል። 400 ሜትር መም አያስፈልግም፣ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ይበቃል፣ በአንድ ዙር 10 ወይም 15 ልጅ ይሮጣል፣ ለእያንዳንዱ ሯጭ አንድ ቆጣሪ ጓደኛ ይመደባል።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። ርቀቱ በእርምጃ ተለክቶ 19 ሜትር ሆነ እንበል። አንድ የ14 ዓመት ወንድ ልጅ በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር የሚሮጥበትን ስድስተኛ ደረጃ ጨርሶ አቆመ። የሌዠ ቀመር ከፍጥነቱና ከዕድሜው ተነሥቶ ቪኦ ቱ ማክሱን 44.8 ይለዋል፤ ከ42.5 በላይ ስለሆነ ደህና ነው። በእርግጥ የሮጠው ግን በሰዓት 10.45 ኪሎ ሜትር ነው፤ ትክክለኛው ስሌት 41.9 ይሰጣል፣ ከመስመር በታች። አንድ ሜትር ማጠሯ አንድ ሙሉ ደረጃ በነጻ ሰጠችው። ሜትሩ የብረት ወይም የፋይበር ይሁን፣ በመስመሮቹ ውስጠኛ ጠርዝ መካከል በሁለቱም ዳር ይለካ፣ ሜዳው ተዳፋት ከሆነ ሩጫው ሽቅብና ቁልቁል ሳይሆን አግድም ይሁን። (የቀመሩም ነገር ይታሰብበት፤ መስመሩ በአንድ ቀመር ወጥቶ ልጁ በሌላ ቢሰላ ሁለቱ አይገናኙም። እዚህ የተጠቀምነው የስሕተቱን መጠን ለማሳየት ብቻ ነው።)

ድምፁም ያሳስታል። በስልክ የሚዘዋወሩት ቅጂዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ በ8.5 ይጀምራል፤ ሌላው በ8.0 ጀምሮ በሁለተኛው ደቂቃ ወደ 9.0 ይዘላል። ሚኒስቴሩ አንዱን መርጦ፣ መመሪያውን በአማርኛና በየክልሉ የሥራ ቋንቋ አስቀርጾ፣ ያንኑ ፋይል ለሁሉም ያሠራጭ። ከፈተናው በፊት ልጆቹ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለማመዱት። ያልተለማመደ ልጅ በመጀመሪያው ደቂቃ ይፈተለክና በአራተኛው ይወድቃል፤ የተለካው ሳንባው ሳይሆን አለማወቁ ይሆናል።

ዕድሜ ደግሞ ከሁሉ የረቀቀ ወጥመድ ነው። በአንድ ሰባተኛ ክፍል የ13 እና የ15 ዓመት ወንዶች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይገኛሉ። ሁለቱም በሰዓት 10.5 ኪሎ ሜትር ላይ ቢያቆሙ በዚያው ቀመር የ13 ዓመቱ 43.8፣ የ15 ዓመቱ 40.5 ያገኛል። የመጀመሪያው መስመሩን በሰፊው ያልፋል፣ ሁለተኛው በሰፊው ይጎድለዋል፤ ሩጫቸው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ሰንጠረዡ በክፍል ደረጃ ሳይሆን በሞላ ዕድሜ ይዘጋጅ። የልደት ምስክር ወረቀት የሌለው ልጅ ዕድሜ ከወላጅ ጋር በዓመት በዓልና በወቅት ተቆጥሮ «ግምት» ተብሎ ይመዝገብ፣ መስመር አጠገብ ሲወድቅም በግምት ዕድሜ አይፈረድበት። ዘመን አቆጣጠሩም ይጠንቀቁበት። በ2004 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ወደ ውጭ ሠራሽ ሶፍትዌር እንዳለ ከገባ ፕሮግራሙ 2004ን እንደ ጎርጎርዮስ ዓመት ያነበውና የ14 ዓመቱን ልጅ 21 ወይም 22 ያደርገዋል። የትውልድ ቀኑም የፈተናው ቀንም በአንድ አቆጣጠር ይግቡ።

ከፍታን በተመለከተ ከውጭ የመጣ ሰንጠረዥ እንዳለ እንዳይወሰድ አጥብቀን እንለምናለን። ጋምቤላ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ያህል ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ሲሳሳ ከቆላ የመጣ ሰው ቪኦ ቱ ማክስ ይቀንሳል፤ ደጋ ተወልዶ ያደገ ልጅ ግን ቅነሳው እንደዚያ አይጎዳውም። ስለዚህ «ለደጋ ይህን ያህል ደምሩ» የሚል አንድ ማስተካከያ ለሁሉም አይሆንም። ቆላው ላይ ደግሞ ችግሩ ሙቀቱ ነው፤ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ የተሮጠውና ማለዳ 1 ሰዓት ላይ የተሮጠው እኩል አይደሉም። ሁለት ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት የከሰዓት ተማሪዎች ለብቻቸው በጠዋት ይጠሩ። «የበቆጂ አገር ልጆች ምን ይለካሉ» የሚለውንም አስተሳሰብ መተው አለብን። ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራች ከተማ የምታሳየው ከሁሉ የላቁት እስከ የት እንደሚደርሱ ነው፤ ታክሲ ተሳፍሮ የሚማረውና ማታ ቤት የሚቀመጠው የከተማ ልጅ ስንት ሊበቃው እንደሚገባ አይነግረንም።

በክብደት በኩል መለኪያው ሁለት ጫፍ ይኑረው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 ያወጣው የ5–19 ዓመት ማነጻጸሪያ ቁመትና ክብደትን ከዕድሜ ጋር አያይዞ ከአማካዩ በሁለት ደረጃ (በስታንዳርድ ዴቪዬሽን፣ ማለትም በስርጭት መለኪያ ሲቆጠር) በታች ያለውን ቀጭን፣ በአንድ ደረጃ በላይ ያለውን ከመጠን በላይ ክብደት፣ በሁለት ደረጃ በላይ ያለውን ውፍረት ይለዋል። ምዘና ሁሉ ውፍረትን ብቻ የሚያሳድድ ከሆነ ሩጫውን ጥሩ አድርጎ የሚጨርስ፣ ምግብ ግን ያጣ ልጅ «ጤናማ» ተብሎ ያልፋል። ክብደት ከመጋረጃ ጀርባ፣ አንድ በአንድ ይለካ፤ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ አይነበብ።

ስለ ደኅንነት። በአገራችን የሩማቲክ የልብ ሕመም በወጣቶች ዘንድ የሚታይ ከባድ ችግር ነው፣ የሚጀምረውም ባልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። ከሩጫው በፊት እያንዳንዱ ተማሪ ከወላጁ ጋር የሚሞላው አንድ ገጽ ይኑር፦ ስትሮጥ ራስህን ስተህ ታውቃለህ? ደረትህን ያምሃል? ከእኩዮችህ በላይ ትንፋሽ ያጥርሃል? ትኩሳት ይዞህ መገጣጠሚያህ አብጦ ያውቃል? ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ አለ? አስም አለብህ? አንዱን «አዎ» ያለ ልጅ ጤና ጣቢያ ታይቶ እስኪመለስ አይሮጥም፤ ማርክም አይቀነስበት። በዐቢይ ጾምና በረመዳን፣ እንዲሁም በረቡዕና በዓርብ፣ ሳይበላና ሳይጠጣ የዋለ ልጅ እስኪደክም አይሩጥ። የምዘናው ሳምንት ሲወሰን ሁለቱም ባሕረ ሐሳብና የጨረቃ አቆጣጠር ይታዩ።

ማርክን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው፤ የምዘናው ውጤት ለክፍል ነጥብ አይዋል። ነጥብ ሲያዝበት ቆጣሪው ጓደኛ ይጨምርለታል፣ የታመመው ደብቆ ይሮጣል፣ መምህሩም ለወላጅ ጫና ይጋለጣል፤ መረጃው ይበላሽና መለኪያውን ማሻሻል አይቻልም። ነጥብ መሰጠት ካለበት ተማሪው ውጤቱን አንብቦ ላዘጋጀው የስምንት ሳምንት ዕቅድ ይሰጥ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ለ5–17 ዓመት የመከረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ነው። ዕቅዱ ከዚያ ይነሣ፤ ውኃ መቅዳት፣ በእግር ትምህርት ቤት መመላለስ፣ ገመድ መዝለልም ይቆጠሩ።

አሠራሩን እንዲህ እንዲጀመር እንጠይቃለን። ከቆላ፣ ከወይና ደጋና ከደጋ፣ ከከተማም ከገጠርም ትምህርት ቤቶች ተመርጠው በመጀመሪያው ዓመት ልኬቱ ብቻ ይካሄድ፤ አላፊና ወዳቂ አይነገር። ሁሉም ተማሪ ከአንድ ሳምንት በኋላ ያንኑ ሩጫ ይድገመው፤ ከአሥሩ ስምንቱ እዚያው ክልል ውስጥ ካልተገኙ መለኪያው ለየልጁ ውጤት ለመናገር አልደረሰም ማለት ነው፣ አሠራሩ ይታረም። በሁለተኛው ዓመት ከተመረጡት ከፊሎቹ በወላጅ ፈቃድ የደም ግፊት፣ የወገብና የደም ምርመራ ያድርጉ፤ መስመሩ የሚወጣው ከዚያ ነው። እስከዚያ ድረስ ቁጥር የግድ ካስፈለገ የ2012ቱ ዘገባ ማስረጃ ለጎደላቸው ልኬቶች እንደመከረው ከመቶው የመጨረሻዎቹ 20ዎች በጊዜያዊነት ለክትትል ይለዩ። የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ሲታተምም በግርጌው ይህ ይጻፍ፦ ስንት ልጅ፣ በየትኛው ከፍታ፣ በየትኛው ዕድሜ ተለካ፤ መስመሩ ከየትኛው የጤና ምርመራ ጋር ተነጻጸረ፤ በስንት ዓመተ ምሕረት ይከለሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰውነት ማጎልመሻ መምህራንና የስፖርት ጤና ባለሙያዎች